«አላየሁትም፣ ግን…»

ፊልም ሠሪ ይሸለማል። ተዋናይ ይሸለማል። ሜካፕ የሠራችው ልጅም አንዳንዴ መድረክ ላይ ትጠራለች። ሳያይ የሚፈርደውን ሰው ግን እስከ ዛሬ ጠርቶ ዋንጫ የሰጠው የለም። ይሄ ግፍ ነው። አንድ ፊልም አይቶ ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ሳያዩ ስለ እሱ ማውራት ግን ወር ሙሉ ያስኬዳል። ታዲያ ማነው የበለጠ የደከመው?

ይህን ባለውለታ በአነጋገሩ ታውቁታላችሁ። ገና ማኪያቶው ሳይመጣ «አላየሁትም፣ ግን…» ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ቁጭ ብሎ መስማት ነው። ታሪኩ ይላላል። ድምፁ ይቆራረጣል። ዋናዋ ተዋናይት ስታለቅስ አታሳምንም። መጨረሻው ደግሞ ከጅምሩ ይታወቃል። ሰውየው ፊልሙን የሚያውቀው ቦሌ መንገድ ላይ፣ በታክሲ መስኮት፣ ፖስተሩን አይቶ ነው። ያውም ታክሲው እየሄደ። ቀሪውን የሞላው በራሱ ላብ ነው።

ሰነፍ ሰው ትኬት ቆርጦ ይገባል፤ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ የሌላ ሰው ሐሳብ ይጠብቃል። የኛ ሰው የራሱ ሐሳብ ስላለው መግባት አያስፈልገውም።

ልማዱም ከየትም አልመጣም፤ የአባት ነው። አዲስ አበባ መጀመሪያ ሲኒማ ቤት ሲከፈትላት፣ አሁን ቴዎድሮስ አደባባይ በምንለው ሰፈር፣ ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ስም አወጣለት። እስቲ ከዚህ የተሻለ ግምገማ አሳዩኝ። ኮከብ የለው፣ ከአሥር ስንት የለው። ስም ካወጡት መካከል ገብቶ ያየው ስንቱ እንደሆነ መገመት አያቅትም። እዚያ የታዩት ፊልሞች ተረስተው ስሙ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ይጠራል።

እርግጥ መሐል ላይ የተሳሳትንበት ዘመን ነበር። የቪዲዮ ቤት ዘመን። አግዳሚ ላይ ተፋፍገን፣ ቋንቋውን ሳንሰማ፣ አንዱን የሕንድ ፊልም ደጋግመን አይተን፣ እንባችንን ጠርገን እንወጣ ነበር። አስተያየት የሚባል ነገር አልነበረንም። «አክተሩ አይሞትም» ከማለት በቀር። ዛሬ ግን ተመስገን፣ ሠልጥነናል።

የሥልጣኔያችንን ልክ ያየሁት በ«ድፍረት» ጊዜ ነው። ፊልሙ አሜሪካ ሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የተመልካች ሽልማት ወስዶ መጣ። በ2006 ዓ.ም መጨረሻ በብሔራዊ ቴአትር ሊመረቅ ታዳሚው ተሰብስቦ ሳለ የፍርድ ቤት እግድ መጣና ሳይታይ ተበተነ። ሌላ አገር ቢሆን ሰው «ስናየው እንነጋገራለን» ብሎ ወደየቤቱ ይሄድ ነበር። እኛ ዘንድ ግን ከዚያ ምሽት ጀምሮ አስተያየት ያጣ ሰው አልገጠመኝም። አንድ ወዳጄ የአንጀሊና ጆሊ ስም መነሳቱን ሰምቶ ኖሮ፣ «አማርኛውን ግን እንዴት አድርጋ አጥንታዋለች!» ብሎ አደነቃት። አንጀሊና ፊልሙ ላይ የለችም። ኤክስኪዩቲቭ ፕሮዲውሰር ሆና ስሟን ሰጠች እንጂ አልተወነችም። ይህን ስነግረው ትንሽ እንኳ አልደነገጠም።

«ለዚያ ነዋ ፊልሙ የሆነ ነገር የጎደለው» አለኝ።

በዓመቱ «ላምብ» የካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆነ። ጠረጴዛችን ወዲያው ተሰበሰበ። ውሳኔው በአንድ ድምፅ ነበር፦ ካን ከገባ ድህነታችንን አሳይቶ ነው። አንዱ የዋህ «እንዴ፣ ፊልሙ እኮ ስለ አንድ ልጅና ስለ በጉ ነው» ቢል፣ «በግ ካለ ገጠር አለ፤ ገጠር ካለ ድህነት አለ» ተብሎ ዝም አሰኙት። አንድ ፊልም ደግሞ ውጭ አገር ሳይሸለም ሲቀር፣ ያው ጠረጴዛ «የኛ ፊልም የት ይደርሳል ብለህ ነው?» ይላል። ከዚህ ጠረጴዛ ያመለጠ ፊልም የለም። በሁለቱም በኩል ተዘግቷል።

የዚህ ሰው ትልቁ ችሎታ ግን ሌላ ነው። የማያየውን ያሞግሳል፤ የሚያየውን ይረግማል።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ እየቀዳ ማሳየት ሲጀምር፣ የአገር ውስጥ የጥበብ ሰዎች ተቃውሞ አሰምተው ነበር። ባህላችን ሊጠፋ ነው ተባለ። ጓደኛችንም ክፉኛ አዘነ። በየምሽቱ አዘነ። አንድም ክፍል ሳያመልጠው አዘነ።

«እኔ የቱርክ ፊልም አላይም» ይላል። «ሚስቴ ስትከፍተው ጆሮዬ ጥልቅ ይላል እንጂ።»

«ታዲያ ልጅቷ ለሰውየው እውነቱን ነገረችው?»

«የት ትነግረዋለች! ያቺ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ የመጣችው አክስቱ መሐል ገብታ አበላሸችው እንጂ።»

ጆሮው ቀለም ይለያል ማለት ነው።

ወደሚያሞግሰው ስንመጣ ደግሞ ፊልም ማለት «ጤዛ» ነው። ሌላ የለም። ኃይሌ ገሪማ እንደሠራው ያውቃል። ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት መውሰዱን ያውቃል። የዛሬ ልጆች እሱን ቢያዩ ኖሮ እንዲህ ያለ ቆሻሻ አይሠሩም ነበር ይላል። ዋናው ገጸ ባሕርይ አገሩ የሚመለሰው ከጀርመን ነው ከሩሲያ ተብሎ ሲጠየቅ ግን እጁን ያጨበጭባል። «እህቴ፣ ሂሳብ!»

ውጭ ያሉት ወገኖቻችንም ወደኋላ አልቀሩም። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው ወዳጃችን የአገር ቤት ተከታታይ ድራማዎችን ከኛ በላይ ነው የሚከታተለው። ሥራ ስለሚበዛበት በእጥፍ ፍጥነት ነው የሚያያቸው። ባለፈው ደውሎ በጣም ያዘነበትን ነገር ነገረኝ። «ምን ነካቸው የዛሬ ተዋንያን?» አለ። «ይጣደፋሉ እኮ! ለስሜት ጊዜ አይሰጡም።»

ሙዚቃ ላይ ሲደርስ ነገሩ ይበልጥ ይቀላል። ፊልም ቢያንስ ፖስተር ይጠይቃል። አልበም ሲወጣ ግን «የድሮው ይሻላል» ብሎ መነሳት ነው። ይህች ፍርድ አልበሙ ሳይወጣም ትሠራለች። የሸክላ ዘመን ሰዎች የካሴቱን ዘመን እንዲህ ብለውታል። ባንድና ጥሩምባ የለመዱት ደግሞ ኪቦርድ ብቻውን ሠርግ ቤት ሲገባ «ሙዚቃ ሞተ» አሉ። ዛሬ ያው የኪቦርድ ዘፈን ሲከፈት ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን የሚነቀንቁትን ሳይ፣ የሞተ ነገር እንዲህ ሲወደድ አይቼ አላውቅም እላለሁ። አሁን ሙዚቃ የሚሠሩ ወጣቶች አይዟችሁ። ሃያ ዓመት ታገሡ። ድሮ ትሆናላችሁ።

በ2009 ዓ.ም የቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» አልበም የቢልቦርድ የዓለም አልበሞች ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ ወጣ። ከኛ አንዱ «ቢልቦርድ ስለኛ ሙዚቃ ምን ያውቃል?» ብሎ ተቆጣ። ይኸው ሰው ከጊዜ በኋላ አንድ ሌላ ዘፋኝ ሲያጣጥል የሰጠው ማስረጃ «ቢልቦርድ ላይ እንኳ አልገባም» የሚል ነበር። እኔ በዚህ አላሾፍም። ሚዛኑን እንደ ዕቃው የሚቀያይር ነጋዴ ስንቱን ጉድ አትርፎበታል።

ቲክቶክ ከመጣ ወዲህ ደግሞ «ሰምቼዋለሁ» ማለት አሥራ አምስት ሰከንድ ሆኗል። ያቺም ሴቶቹ ትከሻቸውን የሚሰብቁባት የዘፈኑ ቦታ ናት። ከሷ በፊትና በኋላ ዘፈን ይኑር አይኑር የሚያውቅ የለም። ሚኒባስ ውስጥ ልብ በሉ። ረዳቱ አንድ እጁ በሩ ላይ፣ አንድ እጁ ቴፑ ላይ ነው። አዝማቹ እንዳለቀ ጠቅ፤ ሌላ ዘፈን። የዚያኛው አዝማች እንዳለቀ ጠቅ። ከመገናኛ ሜክሲኮ እስክንደርስ የስንቱን ሰው ድካም አቋርጠን ወረድን። ሦስተኛውን ስንኝ ሲያወጣና ሲያወርድ ያደረው ገጣሚ ይህን ቢያይ ምን ይል ይሆን? ምንም አይልም፤ እሱም የሌላውን ሲያቋርጥ ነው የሚውለው።

ድጋፍ ላይ ግን ማንም አይወቅሰንም። «አርቲስቶቻችንን መደገፍ አለብን» የሚለውን ጽሑፍ የላከልን ጓደኛ፣ ከሥሩ ሙሉ አልበሙን በቴሌግራም አያይዞ ነበር። በነፃ። ዘፋኙ ሦስት ዓመት ስቱዲዮ ከርሞ ያወጣው ነው፤ እኛ ዘንድ ቁርስ ሳይደርስ ተዳርሷል። ከዚህ የፈጠነ ስርጭት የለም። አንዳችንም ግን አልከፈትነውም፤ ስልካችን ሞልቶ ነበር።

አቤልን ልርሳው? «ዘ ዊኬንድ» የሚባለው የኛው ልጅ በ2013 ዓ.ም በአሜሪካኖቹ የሱፐር ቦውል ጨዋታ መድረክ ላይ ሲወጣ እዚህ ያልተኛ ብዙ ነበር። ቶሮንቶ ተወልዶ አማርኛ እየሰማ ማደጉን ሁሉም ያውቃል። አያቱ እንዳሳደጉትም። ዘፈኑን ጥቀስ ሲባል ግን ሁሉም «ያቺ አለች እኮ» ይልና ያፏጫል። ፉጨቱ ደግሞ የእያንዳንዱ ሰው የተለየ ነው።

ታዲያ ሰሞኑን አንድ ያልታሰበ ነገር ደረሰብን። ዝናብ ያዘንና አምባሳደር ሲኒማ በር ላይ ተጠለልን። አላቆም ሲል ትኬት ቆርጠን ገባን። ሁላችንም። ፊልሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየነው። ስንወጣ አንዱ «ደህና ነው» አለ። ሌላው «አዎ፣ ደህና ነው» አለ። ከዚያ ዝም። ምን ይባላል? ሁላችንም አይተነዋል። ካሜራው ይንቀጠቀጣል ብትል «የቱ ጋ?» የሚል ምስክር አጠገብህ ቆሟል። ጨዋታችን እንዲህ ሲደርቅ አይቼ አላውቅም።

ደግነቱ መውጫው ላይ «በቅርብ ቀን» የሚል ፖስተር ተለጥፎ ነበር። አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት፣ ከጀርባቸው ቪላ ቤት።

«ይሄ የኮሪያ ፊልም ቅጂ ነው» አለ አንዱ።

«ኧረ ተወው፣ የምታበላሸው ልጅቷ ናት።»

«ልጅቷ ምን ታድርግ፣ ጽሑፉ ነው እንጂ!»

ነፍስ ዘራን። ዝናቡም አቁሞ ነበር። እየተከራከርን ቁልቁል ወረድን። ለገሃር ስንደርስ ፊልሙ ሁለተኛ ክፍል እንዳይሠራለት በሙሉ ድምፅ ወስነን ነበር።