የመጀመሪያውን ወንበር ማን ሰጠው?

ከድህነት ተነስተው የራሳቸውን ቢሮ የከፈቱ ጠበቆች ቃለ ምልልስ ሲሰጡ አብዛኛው ታሪክ ይመሳሰላል። እናት ጉሊት ሸጣ ታሳድጋለች። ልጅ በኩራዝ ያጠናል። ጥሮ ግሮ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ከዚያ ጋዜጠኛው «ዛሬ የራሳቸው ቢሮ አላቸው» ይልና ይጨበጨባል። ከምርቃት እስከ ቢሮ ያለው ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። ለእኔ ግን ዋናው ጉዳይ ያለው እዚያ ነው።

የኔልሰን ማንዴላን የጥብቅና ጅማሮ እንይ። (ወጣት የነበረበትን ዘመን ስለማወራ አንቱታውን ለጊዜው ልተወው።) በ1941 እ.ኤ.አ. ከገጠር ጠፍቶ ጆሃንስበርግ ሲገባ 22 ዓመቱ ነበር። የመሳፍንት ዘር መሆኑ እውነት ነው። አባቱ ግን ሹመታቸውን ተነጥቀው፣ እሱም ገና ልጅ ሳለ ሞተዋል። ከተማ ውስጥ የዘር ሐረጉ የአውቶቡስ ቲኬት እንኳ አልገዛለትም። አሌክሳንድራ በምትባል መብራት በሌላት ሰፈር ተከራየ። ማታ በሻማ ያጠናል። ገንዘብ ሲያጥረው አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ በእግሩ ተጉዞ ሥራ ይገባል፣ እንዲያው ይመለሳል።

የእሱን ያህል የለፉ ሌሎች ወጣቶችም ሞልተው ነበር። ማንዴላ ግን የቤትና የመሬት ሽያጭ ወኪል የነበረውን ዋልተር ሲሱሉን አገኘ። ሲሱሉ ላዛር ሲደልስኪ ከሚባል ነጭ ጠበቃ ጋር አስተዋወቀው። ሲደልስኪም ተለማማጅ አድርጎ ተቀበለው። በዚያ ዘመን የነጮች የሕግ ቢሮ ጥቁር ተለማማጅ ወሰደ ማለት እንግዳ ነገር ነው። ተለማማጆች ይከፍሉት የነበረውንም ገንዘብ አላስከፈለውም። አሮጌ ሙሉ ልብሱን ሰጠው። ማንዴላ ያንን ልብስ አምስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ እየጣፈ ለበሰው። መጨረሻ ላይ ከልብሱ እራፊው በዝቶ ነበር።

ቢሮው ገነት አልነበረም። ገና ሲጀምር አንዲት ጸሐፊ «እዚህ ቤት በቀለም አንለያይም» አለችው። ቀጥላም ለእሱና ለሌላው ጥቁር ሠራተኛ አዲስ የሻይ ስኒዎች እንደተገዙ ነገረችው። ሻይ ሲመጣ ባልደረባው አዲሶቹን ትቶ ሆን ብሎ ከአሮጌዎቹ አንዱን አነሳ። ማንዴላ ሻይ አላሰኘኝም ብሎ ተወው። እንዲህ ያለውን እየዋጡ ሥራ መልመድ የትኛው ካሪኩለም ውስጥ አለ?

ትምህርቱም አልሆነለትም። ዊትስ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻውን ዓመት ደጋግሞ ወድቆ ያለ ሕግ ዲግሪ ወጣ። ዲግሪውን ያገኘው በ1989 እ.ኤ.አ. እስር ላይ ሆኖ ነው። ጠበቃ ያደረገው የሙያ ፈተናውና ቢሮ ውስጥ የለመደው ሥራ ነው። በ1952 እ.ኤ.አ. ከገበሬው ልጅ ከኦሊቨር ታምቦ ጋር ቻንስለር ሃውስ በተባለ ሕንፃ፣ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ «ማንዴላ እና ታምቦ» የሚል ታፔላ ሰቀሉ። ጠዋት ጠዋት ባለጉዳይ ደረጃውንና ኮሪደሩን ሞልቶ ጠበቆቹ ራሳቸው መግቢያ ያጡ ነበር።

ወደ እኛ ልምጣ። ፈቃድ የሚፈልግ ተመራቂ የሥራ ልምድ አምጣ ይባላል። አጎቱ ጠበቃ የሆነ ልጅ በማግስቱ ፋይል ይዞ ችሎት ይሄዳል። የጉሊቷ ልጅ ሲቪውን ታቅፎ ፎቅ ለፎቅ ይዞራል። ቢቀናውም «ለጊዜው ያለ ክፍያ» ይሉታል። ታክሲውን ማን ይክፈልለት?

ድሮ ለዚህ ምክንያት ነበረን። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የጠበቆች ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 199 ዘመን ጥብቅና የግለሰብ ሥራ ነበር። አንድ ጠበቃ፣ አንድ ጸሐፊ፣ አንድ ክፍል። እንዲህ ያለውን ቢሮ ተለማማጅ አልያዝክም ብሎ መውቀስ ይከብዳል። አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ከወጣ ወዲህ ግን ጠበቆች ተሰባስበው የጥብቅና ድርጅት ማቋቋም ይችላሉ። ኪራይም ሥራም የሚጋራ ድርጅት ለአንድ ልጅ ወንበር አያጣም።

ጠበቆች ስንባል የምንፈራው ይታወቃል፤ «ነገ ደንበኛዬን ይዞብኝ ይሄዳል» ነው። ሊሄድ ይችላል። ማንዴላም ወጥቶ የራሱን ከፍቷል። ግን ይህ ስጋት የወንድም ልጅ ሲቀጠር ለምን አይነሳም?

እኔ የምለው ትልቅ ነገር አይደለም። እያንዳንዱ ድርጅት በየዓመቱ ቢያንስ አንድ ቦታ በማስታወቂያ ያውጣ። ተፈትኖ ላለፈው ልጅ የትራንስፖርትና የምሳ ይቁረጥለት። ክስና መልስ ያስረቅቀው፣ የጻፈውን በቀይ እስክሪብቶ ያርምለት፣ ችሎት ይዞት ይግባ። ሬጅስትራር ፋይል ለማመላለስ ብቻ ከሆነ የሚፈልገው፣ ተላላኪ ይቅጠር።