ሦስት ጎንባሾች ያስደነገጧት ፓሪስ

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዣን ፍራንሷ ሚሌ «ቃራሚዎች» የተሰኘውን ሥዕሉን እ.ኤ.አ. በ1857 በፓሪስ ታላቁ የሥዕል ትርኢት ላይ ሲያቀርብ፣ ባለ ረጅም ባርኔጣው ተመልካች ክፉኛ ደነገጠ። ሸራው ላይ ያለው ነገር ግን የሚያስደነግጥ አልነበረም፤ ስንዴው ታጭዶ ባለቀበት ማሳ ላይ ሦስት ድሃ ሴቶች፣ ሁለቱ ወገባቸው እስኪታጠፍ ጎንብሰው፣ ሦስተኛዋ ደግሞ ግማሽ ቀና ብላ፣ ከአጫጆች እጅ ያመለጠውን ዛላ ይለቅማሉ። ፖል ደ ሳን ቪክቶር የተባለው ሐያሲ ሴቶቹን «የድህነት ሦስቱ የዕድል አማልክት» አላቸው። ሌላው ሐያሲ ከበስተኋላቸው የታላቁ የፈረንሳይ አብዮት የ1793ቱ ጦርና የሞት መድረክ ታየው። የ1848ቱ አብዮት ገና አሥር ዓመት አልሞላውምና ፍርሃቱ ጨርሶ መሠረት የለውም አይባልም፤ ይሁን እንጂ የስንዴ ዛላ ጦር ሆኖ የሚታየው ሰው መነጽሩን ከመወልወል ይልቅ ጎተራውን ቢመረምር ይሻለው ነበር።

እንደ እኔ ግምት የሴቶቹ ጥፋት አብዮተኛነት ሳይሆን ደንታ ቢስነት ነው። ያ ሁሉ የከተማ ጨዋ የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ፣ ጓንቱን አጥልቆ፣ ሚስቱን በክንዱ ይዞ ሊያያቸው ሲመጣ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። በእኛ ዘንድ በማሳ ዳር የሚያልፍ መንገደኛ «እግዜር ያበርታ!» ብሎ ይጀምርና ሠራተኛው ወገቡን ቀና አድርጎ «አሜን፣ አብሮ ያበርታን!» ይለዋል። ከዚያ ሁሉ የፓሪስ ተመልካች ግን «በርቱ» ያለ አንድም ሐያሲ መኖሩ አልተጻፈም፤ ሴቶቹም ያልተባለላቸውን «በርቱ» ሳይጠብቁ ሥራቸውን ቀጠሉ። እንዲህ ያለ ንቀት በየትኛውም አገር ባለጸጋ ዘንድ ይቅር አይባልም።

ሚሌ፣ ምስጋና ለገበሬ ልጅነቱ ይሁንና፣ ከበስተኋላ ያለውንም አልረሳም። በሩቁ ተራራ የሚያህሉ ክምሮች፣ ነዶ የሚጫንበት ጋሪና ወዲያ ወዲህ የሚል የአጫጅ ሠራዊት ይታያል፤ በስተቀኝ ደግሞ ከዝንብ ብዙም የማይበልጥ አንድ አለቃ በፈረስ ላይ ተቀምጧል። የእኔን ቀልብ የሚስበው ይህ ሰው ነው። ያን ሁሉ ክምር የሚያስጠብቅ እርሱ፣ መሬት የወደቀው ዛላም ከሥርዓት ውጪ እንዳይለቀም የሚቆጣጠር እርሱ። በዚያን ዘመን የፈረንሳይ ሕግ ለድሃ ቃርሚያን ሲፈቅድ ደግነቱ ሰዓት ነበረው፤ እህሉ ከማሳው ጨርሶ ሳይነሳ፣ ፀሐይ ሳትወጣ ወይም ከጠለቀች በኋላ የቃረመ ሰው ይቀጣል። የተራበ ሰው ሌሊት ሌሊት አይርበውም ተብሎ ሳይታሰብ አልቀረም። በመጽሐፈ ሩት ቦዔዝ ለሩት ሆን ብላችሁ ከነዶው እየመዘዛችሁ ጣሉላት ብሎ ጎልማሶቹን ማዘዙን እናስታውሳለን፤ ባለፈረሱ አለቃ ግን ያን ምዕራፍ ያነበበ አይመስልም።

እንዲህ ስል ፓሪሶች የቃራሚ ሥዕል ጠልተው ነበር ማለቴ አይደለም። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1859፣ ዡል ብረቶን የተባለ ሠዓሊ የራሱን ቃራሚዎች አቀረበ፤ ጠባቂው የምሽቱን ማብቂያ ሲጠራ ከማሳው የሚመለሱ ሴቶች ናቸው። እነዚህ ግን ቀጥ ብለው ይራመዳሉ፤ በባዶ እግራቸውም ቢሆን እንደ ንግሥት ነው፤ ቃርሚያቸው ራሱ በትከሻና በራስ ላይ የሚጫን ጥሩ ነዶ ነው። ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሦስተኛ ይህን ሥዕል ገዛው። ስለዚህ ቤተ መንግሥቱ ድህነትን አይጠላም ነበር፤ ወገቡን እንዲያቀና፣ ፊቱን እንዲያሳይና ከተቻለም ጀምበር ስትጠልቅ እንዲያልፍ ብቻ ይፈልግ ነበር።

የሚሌ ሥዕል የተሸጠው በ3,000 ፍራንክ ነው፤ ያውም ሠዓሊው 4,000 ጠይቆ። ሚሌ በ1875 ሞተ፤ ከዚያ በኋላ ገበያው አስተዋይ ሆነ። በ1889 ማዳም ፖመሪ የተባሉ የሻምፓኝ ነጋዴ በ300,000 ፍራንክ ገዙት፤ ሲሞቱም ለሉቭር ሙዚየም ተናዘዙለት፤ ዛሬ በፓሪሱ ኦርሴ ሙዚየም ይገኛል። ሴቶቹ ያው እንደ ጎነበሱ ናቸው። ዋጋቸው ብቻ ቀና አለ።

ቅጂው ደግሞ በየአገሩ ሳሎን ተሰቅሏል። አዲስ አበባ ውስጥ በማውቀው አንድ ቤትም ከሶፋው በላይ፣ በወርቅማ ማዕቀፍ ውስጥ አለ። ቡና በተፈላ ቁጥር እንግዶች ከሥሩ ተቀምጠው ስለ ሴቶቹ ትዕግሥት፣ ስለ ሻሻቸው ቀለምና ስለ ገጠር ሕይወት ንጽሕና በስፋት ይነጋገራሉ፤ የቤቱ ሠራተኛም በመካከሉ መጥታ ጎንበስ ብላ ከምንጣፉ ላይ የተበተነውን ፈንዲሻ ትለቅማለች። እንግዶቹ ጨዋ ናቸውና ወሬያቸውን ሳያቋርጡ እግራቸውን ያነሱላታል። ባለፈው «ወገቧ ላይ ያለው ድካም እንዴት ነው የተሣለው!» ብለው አንዲት ወይዘሮ ሥዕሉን ሲያደንቁ የቤቱ እመቤት በኩራት ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ልጅቱ ዞር ብለው፣ «እዚያ ከሶፋው ሥር ደግሞ ቀርቶሻል፤ ደህና አድርገሽ እዪ እንጂ» አሏት።