የአማካዮች አማካይ አጠቃላይ አማካይ አይደለም

ወዳጄ፣ «የየቅርንጫፉን አማካይ ደምረህ ለቅርንጫፎቹ ብዛት ካካፈልክ አጠቃላዩን ታገኛለህ፤ ፊልተር ሲደረግም (የተወሰኑ ረድፎች ብቻ ተመርጠው ሲታዩ) ራሱ ይስተካከላል» ብለሃል። ብዙ ሰው እንደዚህ ነው የሚያስበው። ግን ልክ አይደለም።

በቁጥር እንየው። አንዱ ቅርንጫፍ 10 የደንበኛ ትዕዛዝ አለው እንበል፣ የአንዱ ትዕዛዝ አማካይ ዋጋ 50። ሌላው 90 ትዕዛዝ፣ አማካዩ 100። በአንተ መንገድ 75 ይመጣል። ትክክለኛው 500 እና 9,000 ተደምሮ ለ100 ሲካፈል ነው፤ 95። የ20 ልዩነት! 10 ትዕዛዝ ያለው 90 ካለው ጋር እኩል ድምፅ አገኘ ማለት ነው። የትዕዛዝ ብዛታቸው እኩል ከሆነ መንገድህ ይሠራል፤ እሱም አንድ ፊልተር ብዛቱን እስኪያዛባው ድረስ ነው።

ወደ ፊልተሩ ስንመጣ፣ ኤክሴል ላይ አማካይ የሚያሰላው ቀመር «አቬሬጅ» (AVERAGE) በፊልተር የተደበቁትንም ረድፎች ዝም ብሎ ይቆጥራል። የሚታዩትን ብቻ እንዲያሰላ «ሰብቶታል» (SUBTOTAL) የተባለውን ቀመር ከ101 ጋር ተጠቀም፤ 101 «የሚታዩትን አማካይ አስላ» የሚል የቁጥር ትእዛዝ ነው። ፓወር ቢአይ (የዳታ ሪፖርት መሥሪያ ፕሮግራም) ላይ ደግሞ ሰንጠረዡን በሙሉ ማጣሪያ በሚያነሣው ቀመር በ«ኦል» (ALL) ውስጥ ካስገባኸው የስላይሰሩንም (ሪፖርቱ ላይ ያለውን የመምረጫ ሳጥን) ምርጫ ያነሣዋል። ተጠቃሚው አንድ ወር ብቻ ቢመርጥም አጠቃላዩ ንቅንቅ አይልም። «ኦልሰሌክትድ» (ALLSELECTED) የተባለው ቀመር ግን የየረድፉን ማጣሪያ አንሥቶ ከውጭ የተመረጠውን ይጠብቃል። እኔም ሁለቱን አምታትቼ «ይሄ ቁጥር ምን ነካው?» ስል የዋልኩበት ቀን አለ።

የፒቮት ቴብል (ኤክሴል ዳታን በቡድን ጠቅልሎ የሚያሳይበት ሰንጠረዥ) የመጨረሻው፣ የጠቅላላው ረድፍ ከላይ ካሉት አማካዮች ጋር አልገጥም ቢልህም አትደንግጥ። እሱ የሚያሰላው ከጥሬው ዳታ ነው።