ሳይሄዱ መውደድ ምን ነውር አለው?

ባለፈው ሳምንት አንድ የራዲዮ ውይይት እየሰማሁ ደሜ ፈላ። አንዲት ወጣት ደውላ ስለ አይስላንድ ማውራት ጀመረች። ለዓመታት ስለ አገሩ አንብባለች። ቋንቋውንም ከኢንተርኔት እየለቃቀመች ትማራለች። ስለ እሳተ ገሞራው፣ ስለ በረዶው ተራራ፣ በ930 እ.ኤ.አ. ስለተመሠረተው አልቲንግ ስለሚባለው ጉባኤያቸው ስትናገር ድምጿ በደስታ ይንቀጠቀጣል። አዘጋጁ አቋረጣት። «ሄደሽ ታውቂያለሽ?» አልሄደችም። «እንግዲያው የምታወሪው ስለ ምኞትሽ እንጂ ስለ አገሩ አይደለም» ብሎ ሳቀ። እንግዶቹም ተከትለውት ሳቁ።

ያ ሳቅ ነው ያናደደኝ።

«ያልረገጡት አገር አይታወቅም» ሲሉት እውነት ይመስላል። ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን ባዶ ነው። ሰባት ቀን ሄዶ የተመለሰ ሰው ምን አየ? ኤርፖርት አየ። ሆቴል አየ። አስጎብኚው «እዚህ ጋ ቁሙ» ያለው ቦታ ቆሞ ፎቶ ተነሳ። ቋንቋውን ካልቻለ፣ አጠገቡ የተቀመጡት ባልና ሚስት እየተጣሉ ይሁን እየተጫወቱ እንኳ አይለይም። ሲመለስ ግን አገሩን የሚያውቀው እሱ ነው ይባላል። ዓመታት ያነበበችው ልጅ ደግሞ ዝም በይ ትባላለች። ይሄ በየትኛው ሚዛን ነው?

ሂዮብ ሉዶልፍን አስቡት። በ1624 ጀርመን ውስጥ፣ ኤርፈርት ተወለደ። በ1704 እስኪሞት ድረስ የኢትዮጵያን ምድር አልረገጠም። ግን ገና በወጣትነቱ ግዕዝ ልቡን ወሰደው። ያገኘውን ጽሑፍ እያገላበጠ ለብቻው ተማረ። በ1649 ሮም ላይ አባ ጎርጎርዮስንና ሌሎች ኢትዮጵያውያንን አገኘ። ግዕዙን ሲያነብላቸው አነባበቡ አሳቃቸው። ያነበበውን መተርጎም ሲጀምር ግን ሳቁ ወደ አድናቆት ተለወጠ። እነሱ የአገሩ ልጆች ናቸው፤ መሳቅ ቢያምራቸው መብታቸው ነበር። ቢሆንም ሰውየው ምን ያህል እንደለፋ ሲያዩ ሳቃቸውን ዋጡ። የራዲዮው አዘጋጅ አይስላንዳዊ እንኳ አይደለም።

በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ጎታ ወደሚባለው ከተማ ተጠርተው ሄዱ። ሉዶልፍ ስለ መንግሥቱ፣ ስለ እምነቱ፣ ስለ እንስሳቱ፣ ስለ ሰው ኑሮ ጠየቃቸው። ሲለያዩም በግዕዝ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር። እሳቸው በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥማ ሞቱ። ሉዶልፍ ግን ሥራውን አልተወም። በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ በላቲን አሳተመ። በ1698 ደግሞ፣ በ74 ዓመቱ ገደማ፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ፍራንክፈርት ላይ አወጣ። ከዚያ በፊት የታተመ የአማርኛ ሰዋስው አልነበረም። አስቡት፤ የመጀመሪያውን ያሳተመው አገሩን ያላየ ሰው ነው። «ሄደህ ታውቃለህ?» ብሎ ይህን ሰው አፉን የሚያስይዘው ማነው?

ሳይሄድ ያበላሸም አለ፣ አልክድም። ሉዊስ ዴ ኡሬታ የሚባል ስፔናዊ መነኩሴ በ1610 ስለ ኢትዮጵያ ትልቅ መጽሐፍ አሳትሞ በተረት ሞላው። እሱም አልሄደም ነበር። ሁለቱም ካልሄዱ፣ አንዱን ከአንዱ የለየው እግራቸው አይደለም ማለት ነው። አንዱ የሰማውን ሁሉ አመነ፤ ሌላው ጠየቀ፣ አመሳከረ፣ ቋንቋውን ተማረ። የንፋሱ ብርድና የመንገዱ ሽታ ከመጽሐፍ አይገኝም፣ እሺ። ከዚህ በላይ የምሰጣቸው ነገር የለኝም።

ደግሞስ «ሂድና እየው» ማለት የሚቀለው ለማነው? ፓስፖርቱ በር ለሚከፍትለትና ገንዘብ ለተረፈው ነው። የቪዛ ማመልከቻው ሁለት ጊዜ የተመለሰበት ሰውስ? እሱ መጓጓትም ተከልክሏል? በዚህ አካሄድ ስለ ዓለም የመናገር ፈቃድ የሚሰጠው የቆንስላ ጸሐፊ ሊሆን ነው። ይህን በራዲዮ የሚሰብክ ሰው ምን እያለ እንደሆነ ቆም ብሎ ያሰበ አይመስለኝም።

ልጅቷ ሳቁ ካለፈ በኋላም ስልኩን አልዘጋችም። ለካ አይስላንዶች የስልክ ማውጫቸውን ይደረድሩ የነበረው በአባት ስም ሳይሆን በራስ ስም ነው። ፕሬዚዳንታቸውንም በራሱ ስም ነው የሚጠሩት። ለምን እንደሆነ ልትናገር ስትል ማስታወቂያ ገባ። ከማስታወቂያው በኋላ መስመር ላይ አልነበረችም። እኔ ግን ሬዲዮኑን ሳልዘጋ ጠበቅኋት።