የገናው ድግስ እና «ዘ ክሪስማስ»

በዋሽንግተንና በአካባቢው ባሉ የሐበሻ ሱቆች በር ላይ በበዓል ሰሞን የሚለጠፉትን የእንግሊዝኛ ማስታወቂያዎች ላስተዋለ ሰው፣ «ክሎዝድ ፎር ዘ ክሪስማስ» የሚል ጽሑፍ እንግዳ አይሆንበትም። መልእክቱ መድረሱን ይደርሳል፤ እንግሊዝኛ ግን ክሪስማስን፣ ኢስተርንና ታንክስጊቪንግን የሚጠራቸው ያለ «ዘ» ነው።

ብዙዎች ይህን ከትምህርት ማነስ ይቆጥሩታል። እኔ ግን ምንጩ አማርኛችን ይመስለኛል። የታወቀን ነገር ስንጠቅስ ምልክቱን ከቃሉ መጨረሻ አስገብተን «በዓሉ»፣ «ድግሱ» እንላለን፤ ስሙ ቅጽል ወይም ዘርፍ ሲቀድመው ደግሞ ምልክቱ ወደ ፊተኛው ቃል ይሸሽና «የአምናው ፋሲካ»፣ «የገናው ድግስ» ይሆናል። እዚህ ላይ «ው» የተለጠፈችው ገና ላይ ሆና ሳለ የምታመለክተው ድግሱን ነው። እንግሊዝኛውም «ዘ ክሪስማስ ፓርቲ» ሲል «ዘ» ከክሪስማስ ጎን ትቀመጥ እንጂ የፓርቲው ናት፤ ፓርቲው ሲቀር እርሷም አብራ መቅረት አለባት። ቀኑን ሙሉ በሥራ ቦታው «ዘ ክሪስማስ ፓርቲ»፣ «ዘ ክሪስማስ ቦነስ» ሲባል የሚሰማ ሰው ሁለቱን ቃላት እንደ አንድ ቢይዛቸው አይፈረድበትም። (አየርላንዶችም «ኦቨር ዘ ክሪስማስ» ይላሉ፤ እነርሱን ግን የሚያርማቸው አላየሁም።)

አገር ቤት በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው «በተጸውዖ ስም ፊት አርቲክል አይገባም» የሚለው ሕግም ዓባይን አያሻግርም። ዓባይ ራሱ «ዘ ብሉ ናይል» ነው፤ ጣና ግን «ሌክ ታና» ተብሎ ያለ «ዘ» ይጠራል። ራስ ዳሸን ብቻውን ሲቆም፣ የሰሜን ተራሮች በብዙ ቁጥር ስለሚጠሩ «ዘ» ይጨመርባቸዋል። ከበዓላቱም የአሜሪካ የነጻነት ቀን በተራ ቁጥር ስለሚጠራ «ዘ ፎርዝ ኦፍ ጁላይ» ይባላል። በአገሮች ስም ላይ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ፖለቲካ አለበት፦ ዩክሬን በ1991 እ.ኤ.አ. ነጻነቷን ካወጀች ወዲህ፣ «ዘ ዩክሬን» መባል የሌላ አገር ክፍለ ግዛት ያስመስላል በሚል «ዘ» እየቀረ መጥቷል፤ ጋምቢያ ግን በይፋ ስሟ ውስጥ ይዛዋለች።

የራሳችንን በዓላት በተመለከተ ጆሯችን ከሰሌዳው ሕግ ይልቅ የታመነ ነው። «መስቀልን ጉራጌ አገር አሳለፈ» ሲባል በዓሉ፣ «መስቀሉን ተሳለመ» ሲባል በካህኑ እጅ ያለው መሆኑን ማንም አይስተውም። ስለዚህ በእንግሊዝኛም «ሃፒ መስቀል» ብሎ መጻፍ ይበቃል፤ «ዘ» የምትገባው «ሴሌብሬሽን» የሚለው ቃል ከኋላ ሲከተል ነው።