ልጅ የማይቀመጥበት ጋሪ

ዋሽንግተንና አካባቢው ለምንኖር ሐበሾች የልጅ ጋሪ ቀላል ነገር አይደለም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ቆም ብላችሁ እዩት። ከአራስ ቤት የወጣችውን እናት ሰው ሁሉ ከብቦ ይስማታል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላታል። ዓይኑ ግን የጋሪው ጎማ ላይ ነው። ስንት ወጣበት? ገዙት ወይስ ተሰጣቸው? ባለ ሺህ ዶላር የአውሮፓ ጋሪ የሚገፋ አባት ደረቱን ነፍቶ ነው የሚሄደው። በቅናሽ የገዛው ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው «ለጊዜው ነው» ይላል። ልጁ ምን ላይ እንደተቀመጠ አያውቅም። እሱ ካልሲውን አውልቆ ለመጣል ነው የሚታገለው።

ይህ እንግዲህ በአንድ ልጅ ነው። ልጅ ሁለት ሲሆን፣ በዚያ ላይ «ሰመር ላይ ፍሎሪዳ፣ ዲዝኒ ወርልድ እንሄዳለን» የሚል ቃል ካፍ ካመለጠ፣ ነገሩ ከቤተሰብ ያልፍና የአገር ጉዳይ ይሆናል።

የእኛም እንደዚያው ሆነ። ትልቋ አራት ዓመቷ ነበር፣ ትንሹ ዓመት ተኩል። አንድ ልደት ላይ ምሳ ተበልቶ ቡና እስኪፈላ ወሬ ጠፋ። እኔም «ለዲዝኒ ምን ዓይነት ጋሪ ይሻላል?» ብዬ ጣል አደረግኩ። አቦል ተጠጣ፣ ቶና ተጠጣ፣ በረካ ደረሰ። መልሱ አላለቀም።

አንዱ «ጎን ለጎን የሚያስቀምጠውን ግዙ፤ ልጆቹ እየተያዩ ይጫወታሉ» አለ። ሚስቱ «እየተያዩ ይነካከሳሉ» ብላ አስተካከለችው። ሌላዋ ፊትና ኋላ የሚያስቀምጠውን መረጠች። እሱም ጣጣ አለው፤ ከኋላ ያለው ልጅ ሥራ ሲፈታ የፊተኛውን ፀጉር ያገኛል። አንዷ ደግሞ እንደ ጃንጥላ እጥፍ የሚለውን ቀላሉን ጋሪ ሁለት ገዝታችሁ እናትና አባት አንዳንድ ግፉ አለች። ባሌ ይህን ሐሳብ ከሁሉም ቀድሞ ነው የተቃወመው። ለምን እንደሆነ ገብቶኛል።

አጥብቆ የሚመክረው ግን ዲዝኒ ሄዶ የማያውቀው ነው። «አራት ዓመት የሞላት ልጅ ጋሪ ምን ያደርግላታል? በእግሯ ትሂድ!» ይላል። ቦታው 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባን ለአምስት ብትከፍሉት አንዱን ያህል ማለት ነው። በፈረንጆቹ 1971 ሲከፈት ማጂክ ኪንግደም የሚባለው ፓርክ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ፓርኩ አራት ደርሷል። ኤፕኮት የሚባለው ውስጥ የአሥራ አንድ አገር ማሳያ ሕንፃ ዙሪያውን የተደረደረበት ሐይቅ አለ። እሱን ብቻ አንድ ጊዜ መዞር ሁለት ኪሎ ሜትር ነው። የእኛ ልጅ ከሶፋ ተነስታ ማቀዝቀዣው ጋ ስትደርስ «ደከመኝ» የምትል ናት።

የትኬቱም ነገር ተነሳ። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ በነፃ ይገባል። ሦስት ከሞላው ይከፍላል። አሥር ከሞላውማ እንደ ትልቅ ሰው ነው የሚከፍለው። ይህን ጊዜ አንድ ወዳጃችን ስኒውን አስቀምጦ አሰበና «በእኛ አቆጣጠርኮ ልጅቱ ገና አልተወለደችም! ዘመኑ 2017 ነው፤ እሷ የተወለደችው 2021። የምን ትኬት ነው?» አለ። ባሌ ለአፍታ ያህል የምሩን ሲያሰላስል አየሁት።

ባሌ የፈለገው ዋገኑን ነበር። ባለ አራት ጎማ፣ የሚጎተት፣ ሁለት ልጅና የሳምንት አስቤዛ የሚችል። ዲዝኒ ግን ከፈረንጆቹ ግንቦት 2019 ጀምሮ ዋገን ከልክሏል። የሚጎተትም ሆነ የሚገፋ አይገባም። ለጋሪም ልክ አውጥቷል፤ ወርዱ ከ31 ኢንች፣ ርዝመቱ ከ52 ኢንች መብለጥ የለበትም። ባሌ ክልከላውን ሲሰማ «የከለከሉት ጥሩ ቢሆን ነው» አለና ለአንድ ቀን አኮረፈ። በነጋታው ሜትር በኪሱ ይዞ መዞር ጀመረ። ገበያ አዳራሽ ውስጥ የሰው ጋሪ ይለካል። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ይለካል። አራስ ልንጠይቅ ሄደን ገንፎው ሳይቀርብ ሜትሩን መዘዘ። የአራሷ እናት የሕፃኑን ቁመት ሊለካ መስሏቸው «ተው ልጄ፣ ጥሩ አይደለም» ብለው ተቆጡት።

መከራየትም ይቻላል። ያኔ ፓርኩ ውስጥ ባለ አንድ ወንበሩ በቀን 15 ዶላር፣ ባለ ሁለቱ 31 ዶላር ነበር። ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ ወደ ኋላ ጋደም አይልም፤ ከፓርኩ በርም አይወጣም። ልጅ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ዓይኑን አፍጥጦ ውሎ እንቅልፍ የሚወስደው በሩን ሲያይ ነው። ማጂክ ኪንግደም ከሆነ ከበሩ እስከ መኪናችሁ ድረስ ሞኖሬል ወይም ጀልባ፣ ከዚያ ትራም አለ። የተኛ ልጅ የሚከብደውን ክብደት የወለደ ያውቀዋል። ለማንኛውም ባሌ 31 ዶላሩን በቀኑ ብዛት አባዛው፣ ከዚያ ወደ ብር መነዘረው። ወደ ብር ከመነዘረ በኋላ እኛ ቤት ክርክር የለም። ከአንዲት ጎረቤት አሮጌ ባለ ሁለት ወንበር ጋሪ ገዛን። ጎን ለጎን ነው። ወርዱ 30 ኢንች። ሦስቴ ተለክቷል።

በዚህ መሃል አማቴ ከአዲስ አበባ መጡ። ጋሪውን ዞር ዞር ብለው አዩት።

«ይሄ የምንድን ነው?»

«የልጆቹ ነው እማማ። እየገፋን ልንወስዳቸው።»

«ልጅ ይታዘላል እንጂ ይገፋል እንዴ?»

ስድስት ልጅ በጀርባቸው ያሳደጉ ሴት ናቸው። ምን ይመለሳል?

ጉዞው በመኪና ነው፤ 1,350 ኪሎ ሜትር ገደማ። ስንቅ ማዘጋጀቱን አማቴ ያዙ። ዲዝኒ ከቤት የመጣ ምግብ ያስገባል። ብርጭቆና ጠርሙስ ግን አይገባም። ማሞቅ የሚፈልግ ምግብም አይገባም። ሕጉን ተረጎምኩላቸው፣ እሳቸውም በሕጉ መሠረት ፈረዱ። ሽሮ ወደቀ። ድርቆሽ ፍርፍር አለፈ። ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎና ጭኮ ያለ ክርክር አለፉ። ጋቢም ተጨመረ። ፍሎሪዳ በሐምሌ ጋቢ ምን ያደርጋል ብዬ ብጠይቅ «ብርድ ተናግሮ አይመጣም» ተባልኩ።

ፓርኩ ስንደርስ ጋሪው እንዲህ ተጫነ። ሥር ካለው ኪስ ውሃ፣ ዳይፐርና የልጆች ቅያሪ ልብስ። እጀታው ላይ የአማቴ ቦርሳ፣ የእኔ ቦርሳ፣ የባሌ ካሜራ። ወንበሮቹ ለልጆቹ ናቸው። ትልቋ ግን «ጋሪው ላይ መቀመጥ አልፈልግም፤ መግፋት ነው የምፈልገው» አለች። ትንሹም እህቱን በእግሯ ሲያያት እሪ ብሎ ወረደ። ባዶ ወንበር ደግሞ ዝም ተብሎ አይገፋም። አንደኛው ላይ ምሳው ተቀመጠ፣ ሁለተኛው ላይ ጋቢው። ባሌ ለምሳው ቀበቶ አሰረለት። ባለ ሁለት ወንበር ጋሪ ገዝተን፣ ለክተን፣ ተከራክረን፣ ፍርፍር እያንሸራሸርን ገባን። ትልቋ «ደከመኝ፣ ልቀመጥ» ያለችው ዕቃው ተደላድሎ ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ ነው። ማን ይነሳላት? ምሳው ወይስ ጋቢው?

አብዛኛው መጫወቻ ጋ ጋሪ ይዞ መሰለፍ አይቻልም። ውጭ የጋሪ ማቆሚያ አለ፤ በመቶ የሚቆጠር ጋሪ ተደርድሮ ይቆማል። ሠራተኞቹ ቦታ ለመቆጠብ ጋሪዎቹን ሲያስተካክሉ ይውላሉ፤ ስትመለሱ ያቆማችሁበት አታገኙትም። ለዚህ ብሎ ሰው ሁሉ ምልክት ያስራል። እኛ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ሪባን አስረናል። እንዲህ ያለ ምልክት ሌላ ማን ያስራል? ስንመለስ ሪባኑን አይተን አንዱን ጋሪ ስንጎትት ከኋላ «ይቅርታ፣ የእኛ ነው» የሚል የአማርኛ ድምፅ መጣ። ከአትላንታ ናቸው። ልጆቹን ረስተን ከየት ሰፈር ናችሁ፣ ማንን ታውቃላችሁ፣ ቤት እዚያ ስንት ገባ ስንባባል ቆየን። ጋሪያቸውን ስንት እንደገዙትም ጠየቅን። እነሱ በርካሽ ገዝተዋል። ባሌ ከዚያ በኋላ ለግማሽ ሰዓት አልተናገረም።

አማቴ ግን ጋሪው እንዲህ ሜዳ ላይ ተጥሎ መሄዱን ሊያምኑ አልቻሉም። «ማንም አይነካውም» ብንላቸው «አይነካውም? እናንተ ልጆች!» ብለው እዚያው ቆመው ሊጠብቁ ወሰኑ። እኛ ተሰልፈን ገባን። ስንወጣ አንድ ወጣት ሠራተኛ ጋሪውን በፊት በኩል ይዟል፣ አማቴ በኋላ በኩል ይዘዋል። እሱ መስመር ሊያስይዘው ይጎትታል። እሳቸው «ወዴት ነው የምትወስደው?» እያሉ ወደራሳቸው ይስባሉ። ልጁ ፈገግታው አልጠፋም፤ እንዲጠፋ አይፈቀድለትም መሰለኝ። በእንግሊዝኛ «መልካም አስማታዊ ቀን» ይላቸዋል፤ እሳቸው በአማርኛ «ባለቤቱ ሳይመጣ ንክች አላደርግም» ይሉታል። ደርሰን ገላገልን። አማቴ እስከዛሬ ድረስ ሌባ አባርሬ ጋሪ ያዳንኩ እኔ ነኝ ብለው ነው የሚያወሩት።

ከሰዓት በኋላ ትንሹ አለቀሰ። አማቴ ያን ቀን ሙሉ የጠበቁት ሰዓት ደረሰ። ነጠላቸውን አወረዱ፣ ጎንበስ አሉ፣ ልጁን ጀርባቸው ላይ ወርወር አድርገው ቋጠሩት። እሹሩሩ። ዝም አለ። ሰው ዞር እያለ አያቸው። አንዲት ፈረንጅ ባለ ብዙ ማሰሪያ የልጅ መሸከሚያዋን እንደታጠቀች ቀረብ አለችና ከየት እንደገዙት ጠየቀች። ተረጎምኩ። «ሽሮ ሜዳ በያት» አሉኝ። አልኳት። ሴትዮዋ ስልኳን አውጥታ የድረ ገጹን አጻጻፍ ጠየቀችኝ። አማቴ አሸንፈዋል። ሙቀቱ ግን 34 ዲግሪ ነው፣ ልጁ ደግሞ አሥራ ሁለት ኪሎ። ጥቂት እንደሄዱ ላባቸው ወረደ። ምንም ሳይሉ ልጁን ለባሌ አቀበሉት። ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው ጋሪው ላይ አኖሩና በነጠላ ጫማ እየሄዱ «ለካ ይሄ ነገር ለዕቃ ደህና ነው» አሉ።

በፍሎሪዳ በሰመር የከሰዓት ዝናብ ቀጠሮ አያዛባም። ነጎድጓዱ ሲጀምር የጋሪውን ላስቲክ ዘረጋን። ዝናቡ ሲያባራ ጋቢው አንድ ጠብታ አልነካውም። ልጆቹ ተጨምቀው ነው የተቀየሩት።

የመውጫው ፈተና ትራሙ ነው። ወደ መኪና ማቆሚያው የሚያመላልሰው ትራም ላይ ጋሪ ካልታጠፈ አይወጣም። ያን እንደ ጃንጥላ እጥፍ የሚለውን ጋሪ በ1965 የፈጠረው ኦወን ማክላረን የሚባል የእንግሊዝ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነው። ስፒትፋየር የሚባለው የጦር አውሮፕላን ጎማ እንዴት እንደሚታጠፍ የሠራ ሰው ነው። አንድ ጥያቄ ቢኖረኝ ግን እሱን ነው የምጠይቀው። አውሮፕላኑ ጎማውን ከማጠፉ በፊት ዳቦ ቆሎ ማውረድ ነበረበት? እኛ ማውረድ ነበረብን። ከኋላችን ሰልፍ ቆሟል። የተኛ ልጅ ትከሻዬ ላይ ነው። ትልቋ ፊኛዬ አመለጠ ብላ ታለቅሳለች። ጋቢ ወረደ፣ ውሃ ወረደ፣ የአማቴ ጫማ አንዱ ጠፍቶ ተፈለገ። ማስታወቂያው ጋሪው በአንድ እጅ ይታጠፋል ይላል። እውነት ነው፤ የማን እጅ እንደሆነ ግን አይናገርም። ባሌ በጉልበቱ ተጭኖ፣ በእግሩ ረግጦ፣ የአትላንታው ሰውዬ መጥቶ አግዞ ታጠፈ። ታጥፎም የላይኛው ኪሱ ውስጥ ተረስቶ የነበረ ቆሎ ትራሙ ላይ ተበተነ። አማቴ ለቅሞ የሚመልስ ሰው ዙሪያቸውን ፈለጉ።

ከጉዞው በኋላ ጋሪው ጋራዥ ውስጥ ቆመ። ትልቋ አደገች፣ ትንሹ መሮጥ ጀመረ። አማቴ ወደ አገር ቤት ሲመለሱ ይዘውት ሊሄዱ እንደሚፈልጉ ነገሩን። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው የተፈቀደላቸው። ባሌ ጎማዎቹን ፈታቸው፤ በጋቢው ተጠቅልለው አንደኛው ሻንጣ ውስጥ ገቡ። የቀረውን ደግሞ ሜትሩን አውጥቶ ለካውና ሌላ ካርቶን ተፈለገለት። «ለአራስ የልጅ ልጄ ነው» ብለው ነው የወሰዱት።

ባለፈው ሳምንት ደወሉ። የልጅ ልጃቸው የሚኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለም። ሕፃኑ በነጠላ ታዝሎ ይወጣል፣ ታዝሎ ይወርዳል።

«ጋሪውስ እማማ?»

«በረንዳ ላይ ነው። በርበሬ አስጥቼበታለሁ። ሁለቱ ወንበር ሁለት ኪሎ ሁለት ኪሎ ይይዛል፤ ፀሐይ ስትዞር ገፋ ማድረግ ነው። የጎረቤት ሰው ሁሉ እየመጣ ያየዋል።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንደኛው ጎማ ግን ይንቀጠቀጣል ልጄ። የሚመጣ ሰው ስታገኙ ላኩልኝ። ልኩን ባልሽን ጠይቂው፤ እሱ ያውቀዋል።»