ይድረስ ለክቡር የሰፈራችን ትራንስፎርመር

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከላብና ከጨለማ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን።

ይህን የምጽፍልዎ ባለፈው እሁድ በሽማግሌ ፊት ስላዋረዱኝ ነው። ቅዳሜ ማታ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ ግቢያችን ውስጥ መኪናዬን ሰክቼ ተኛሁ። የኤሌክትሪክ ናት። ሌላ ምን ልግዛ? ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር አይገባም ተብለናል። ለታናሽ ወንድሜ የሚላኩትን ሽማግሌዎች ሐረር የማደርሰው እኔ ነበርኩ። እርስዎ ግን ሌሊት «ጧ!» ብለው አረፉት። ጠዋት ባትሪው ሩብ እንኳ አልሞላም።

ሐረር ቅርብ ናት፣ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ። ጣጣው የደንገጎ ዳገት ነው። ጋቢ የለበሱ አራት አባቶች ጭኜ ዳገቱን ስጀምር የባትሪው ቁጥር ቁልቁል ይሮጥ ጀመር። ኤሲውን አጠፋሁ። ጋቢ ወለቀ። «ልጄ፣ ናፍጣ ጨረሰ እንዴ?» አሉኝ አንደኛው።

ደንገጎ ላይ አንዲት ሻይ ቤት ገብቼ ለመንኩ። ባለቤቷ ደግ ናት፣ ፍሪጇን ነቅላ ሶኬቱን ሰጠችኝ። ከግድግዳ ሶኬት የሚገኘው ሁለት ኪሎ ዋት ምናምን ነው፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ሰክተው አሥር፣ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ቢያስኬድ ነው። ሽማግሌዎቹ ሻይ ደገሙ፣ ሰለሱ። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ድርግም አለ። ለካ የቆጣሪ ካርዷን ጨርሼባታለሁ! «እህቴ፣ እከፍላለሁ» ስላት «ብሩን ምን ላድርገው? በእሁድ ማን ካርድ ይሞላልኛል?» አለችኝ፤ የቀለጠ በረዶ ከፍሪጇ ሥር እየጠረገች።

አባቶቼን በሚኒባስ ላክኋቸው። ረዳቱ «ፋዘር፣ ጠጋ ጠጋ!» እያለ ከማዳበሪያ ጆንያ ጋር አጨቃቸው። እዚያ ሲደርሱ የልጅቷ አባት «ልጁም እንደ ወንድሙ መንገድ ላይ የሚቀር ነው?» ብለው ጠየቁ አሉ።

እኔ ወደ ድሬ ተመለስኩ። ቁልቁለቱን ስወርድ መኪናዋ ፍጥነቷን በቀነስኩ ቁጥር ባትሪዋን ትሞላለች። ዳገት ይባረክ፣ የዚያን ሌሊት እርስዎ ከሰጡኝ በላይ ሳይሰጠኝ አልቀረም።

እርግጥ ጫናዎ ይገባኛል። እርስዎ የተተከሉት ለአምፖልና ለቬንትሌተር ነው። አሁን ምጣድ አለ፣ እሱ ብቻውን ሦስት ኪሎ ዋት ይበላል። ማታ ሰው ሁሉ ከሥራ ገብቶ ምጣዱንም ኤሲውንም መኪናውንም አንዴ ይሰካል፣ በድሬ ሙቀት ላይ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ለሚሰካ ዋጋ ቢቀንሱ ግማሻችን የማታውን ጫና እንቀንስልዎት ነበር። ሦስት ፌዝ፣ ማለትም ብዙ ኃይል የሚሸከመውን መስመር፣ ላስገባ ብዬ የሄድኩበት ቢሮም የቤት ካርታ፣ የቀበሌ ደብዳቤ፣ የመታወቂያ ኮፒ ተቀበለኝ። ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው። አሁንም ስብሰባ ላይ ናቸው። የፈጣን ቻርጀሩ ጫፍ ከመኪናዬ ጋር አለመግጠሙን ለሌላ ደብዳቤ ልተወው።

አቦ ግን እውነቱን እናውራ! ህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፣ 5,150 ሜጋ ዋት። ከ2003 ጀምሮ ለጅቡቲ መብራት እንሸጣለን፣ መስመሩ የሚሄደው ከዚሁ ከድሬ ነው። የጅቡቲው ባቡር እንኳ በመብራት ነው የሚነዳው። መብራቱ አናታችን ላይ እያለፈ አንተ ዘንድ ሲደርስ ነው የሚሞተው። በነዳጅ የሚሄድ አታምጡ ያለን ሰው አንድ ቀን ቀና ብሎ አንተን አይቶሃል? ዘይትህ እየተንጠባጠበ፣ ፊውዝህ በሽቦ ታስሮ? ሰው እኮ እቁቡን አውጥቶ፣ መሬቱን ሸጦ ነው የገዛው!

ይቅርታ፣ ክቡርነትዎ። ሽማግሌዎቹ ሁለተኛ ቀጠሮ ተሰጥቷቸዋል። በዚያች አሮጌ ፔጆ ነው የምንሄደው ብለዋል። «አንተ ከኋላ ተከተለን፣ ከቆምክ እንጎትትሃለን» አሉኝ።

ግልባጭ፦
ለደንገጎዋ ሻይ ቤት፣ ከካርድ መሙያው ብር ጋር